ያውቁ ኖሯል? ሚኒሞ የማይዝ አሮጌ ቫን

ቀይ መብራት ላይ ቆመው ቫኑ ከሥርዎ ሲንዘፈዘፍ፣ መሪው በእጅዎ ውስጥ ሲርገበገብ፣ አረንጓዴ በርቶ ነዳጅ ሲረግጡ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ጸጥ ሲል ያውቁታል? እንግዲያው የዛሬው ዓምድ ለእርስዎ ነው። ስካይዌይ ውስጥ በየደጃፉ አሮጌ ቫን ቆሟል። አንዱ ልጆች ያመላልሳል፣ አንዱ ዕቃ ያደርሳል፣ አንዱ ከኤርፖርት መንገደኛ ያመጣል። የብዙ ቤተሰብ እንጀራ በዚያ ቫን ላይ ነው፤ ሕመሙን ሳያውቁ ዕቃ መቀያየር ደግሞ ያንኑ እንጀራ ይበላል።

ያውቁ ኖሯል? ስካይዌይ በፖስታ አድራሻዋ "ሲያትል" ትባል እንጂ የሲያትል ከተማ አካል አይደለችም። የጎረቤቷ የሬንተንም አይደለችም፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ነዋሪዎቿ ወደ ሬንተን እንዲጠቃለሉ በድምፅ ተጠይቀው እምቢ ብለዋል። የሚያስተዳድራት ኪንግ ካውንቲ ነው።

ያውቁ ኖሯል? "ሚኒሞ" ጣሊያንኛ ነው፤ "ዝቅተኛው" ማለት ነው። ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ራሱን ችሎ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ካንዴላም በጣሊያንኛ ሻማ ነው፤ ማርሚታ ድስት ነው፤ ቴስታታ "ራስ" ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ፍሪሲዮን ፍትጊያ ነው። አዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹን መኪኖች ያየችው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን የመጣው ከጣሊያን መካኒኮችና ከጭነት መኪኖቻቸው ጋር ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ቃላቱ ቀሩ። እዚህ አገር ላለ መካኒክ "ሚኒሞ አልይዝ አለ" ለማለት "ራፍ አይድል" ይበሉት፤ ይገባዋል። ለአባቱ ለማስተርጎም አብሮት ጋራዥ የሚሄድ ልጅ ካለ ይህቺን አንዲት ሐረግ ያስይዙት።

ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 750 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 25 ጊዜ ያቃጥላል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ነውና ሒሳቡ ቀላል ነው። ከአራቱ አንዱ ሲሞት በየአራተኛው ምት ላይ ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ወንበርዎ የሚሰማው ያንን ጉድጓድ ነው። በፍጥነት ሲነዱ ምቶቹ ስለሚቀራረቡና የሞተሩ ክብደት ስለሚሸከመው ጉድጓዱ ይደበቃል። የቆመ መኪና ላይ ግን መደበቂያ የለውም። የእኛ መካኒኮች "በሦስት ነው የሚሠራው" የሚሉት ይህንን ነው።

መንቀጥቀጥ ሁሉ የሞተር ሕመም እንዳልሆነስ? ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘው የጎማ ትራስ ሲያረጅና ሲሰነጠቅ፣ ጤነኛው ሞተር ራሱ ቫኑን ያንዘፈዝፋል። መለያው ቀላል ነው። የዙር መቁጠሪያውን መርፌ ይመልከቱ። መርፌው ጸጥ ብሎ ቆሞ ገላው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ በተለይ ማርሽ ውስጥ ሲያስገቡ ብሶ ኒውትራል ላይ ሲቀል፣ መጀመሪያ ትራሱን ይጠርጥሩ። መርፌው ራሱ ወጣ ገባ ካለ ግን ነገሩ ከነዳጅ፣ ከአየር ወይም ከእሳት ነው።

ከሦስቱ በብዛት የሚረሳው አየር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለአንድ ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሚኒሞ ላይ የአየሩ በር ሊዘጋ ምንም አይቀረውም፤ ሞተሩ በቀጭን ቀዳዳ ነው የሚተነፍሰው። በዚያ ሰዓት አንድ የተሰነጠቀ ቱቦ ከበሩ ኋላ አየር ካስገባ ሚዛኑ ይናጋል፣ ነዳጁ ያንሳል፣ ሞተሩ ይቆራረጣል። ነዳጅ ሲረግጡ በሩ ወለል ብሎ ስለሚከፈት ያች የቱቦዋ ስንጥቅ ከሚገባው አየር አንጻር ኢምንት ትሆናለች። "ሲቆም ይታመማል፣ ሲሄድ ይድናል" የሚባለው ቫን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አየር የሚስብ ነው።

የእኔ ቫን እንዲሁ ነበር። አንድ ጋራዥ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡትን ቦቢናዎች በሙሉ ቀየረልኝ፤ ከ600 ዶላር በላይ ከፈልኩ፤ በማግሥቱ ጠዋት ሬንተን አቬኑ ላይ መብራት ሲይዘኝ መርገብገቡ እንደነበረ ነው። በኋላ አንድ የሠፈራችን ሽማግሌ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ያደጉ፣ ኮፈኑን አስከፍተው ጎንበስ አሉና ጣታቸውን ከሞተሩ ኋላ ሰደዱ። የሞተሩን የውስጥ ጭስ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልሰውን ጥምዝ ላስቲክ አውጥተው አሳዩኝ። ከላይ ሲታይ ጤነኛ ነው። ሲያጥፉት ግን በሆዱ በኩል እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ ውስጡ በዘይት ለስልሷል። "ልጄ፣ ይሄ ነው የሚያፏጨው" አሉኝ። ፉጨቱን ለወራት ሰምቼው ነበር፤ የቀበቶ ድምፅ ነው ብዬ ትቼው እንጂ። አዲሱ ቱቦ 14 ዶላር ነበር።

ያንን ስንጥቅ ኮምፒውተሩም ያውቀው እንደነበር ያውቁ ኖሯል? በ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴልና ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ ማንኛውም ባለ ቤንዚን የቤት መኪና ወይም ቀላል ቫን ከመሪው ሥር ኦቢዲ ሁለት የሚባል መሰኪያ አለው። ርካሽ ማንበቢያ ሰክተው "ፊውል ትሪም" የሚለውን ቁጥር ይፈልጉ። ኮምፒውተሩ ነዳጅ ምን ያህል እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ በመቶኛ ይነግርዎታል። የገባውን አየር በሴንሰር በሚለካ ሞተር ላይ፣ ቁጥሩ ሚኒሞ ላይ ከ20 በላይ ሆኖ በ2500 ዙር ወደ ዜሮ ከተጠጋ አየር እየሳበ ነው። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ሚኒሞ ላይ ደኅና ሆኖ ሲረግጡት ቁጥሩ ከወጣ፣ ወደ ነዳጅ ፓምፑ፣ ወደ ፊልትሮውና ወደ አየር መለኪያው ሴንሰር ይሂዱ። ለእኔ ከዚህች ምርመራ የበለጠ ገንዘብ ያዳነ የለም፤ ሁለት ደቂቃ አትፈጅም።

የስሕተት ኮድ የተበላሸውን ዕቃ እንደማይጠራስ? ፒ0171 "ይህን ሴንሰር ቀይሩ" አይልም፤ "በዚህ ወገን ነዳጁ ለአየሩ አነሰ" ነው የሚለው። ፒ0300 "ሲሊንደሮች እየሳቱ ነው፣ የትኛው እንደሆነ አልለየሁም" ማለት ነው። ፒ0301 አንደኛው ሲሊንደር፣ ፒ0304 አራተኛው ነው። ፒ0505 የሚኒሞ መቆጣጠሪያው ነው። ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች ኮዱን በነፃ ያነቡልዎታል። ከዚያ በኋላ የሚዘረጉልዎትን ዕቃ ግን ወዲያው አይግዙ።

ቼክ ኢንጅን ረግቶ ሲበራና ብልጭ ድርግም ሲል ትርጉሙ አንድ አይደለም። ረግቶ ከበራ ቀጠሮ ይያዙ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ እየፈሰሰና እዚያ እየነደደ ነው፤ ኮንቨርተሩ ሊቀልጥ ይችላል። እግርዎን ያቅሉ፣ ዳር ይያዙ።

አራተኛው ሲሊንደር በሁሉም መኪና አንድ ቦታ አይደለም። በፎርድ ቪ8 ቫን ላይ አራተኛው ከተሳፋሪው ወገን የመጨረሻው፣ ወደ ጋቢናው የተወሸቀው ነው። በሼቭሮሌ ቪ8 ግን ከዚያው ወገን ከፊት ሁለተኛው ነው። ይህን ሳያጣሩ ደኅናውን ካንዴላ ፈትተው የታመመውን ትተው የሚሄዱ አሉ።

ካንዴላን እንደ መጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። ፈትተው በየተራቸው ነጭ ጨርቅ ላይ ይደርድሯቸው። ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቶበታል። ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ዘይት ካለው ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። የነጣ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል ወይም ግሏል። ከጎረቤቶቹ ተለይቶ የታጠበ መስሎ የጸዳ ካገኙ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ የራዲያተር ውኃ ወደዚያ ሲሊንደር እየገባ ይሆናል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነገር ነው።

ያውቁ ኖሯል? በዓመት ብዙ ዝናብ የሚዘንበው ሲያትል ሳይሆን አዲስ አበባ ነው። ሲያትል ወደ 1000 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፣ አዲስ አበባ ከዚያ ትበልጣለች። ልዩነቱ የእኛ ክረምት በሐምሌና በነሐሴ ወርዶ ያበቃል፤ የሲያትሉ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያንጠባጥባል። ለቫን የሚከፋው ይህ የማያቋርጥ እርጥበት ነው። በቦቢናው ወይም በካንዴላው ገመድ ላስቲክ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች፣ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ የሆነው እሳት በእርጥቡ ገላ አድርጎ ወደ ብረቱ ይዘላል፤ ካንዴላው ጋ አይደርስም። ደረቅ ቀን ደኅና ውሎ በጭጋጋማ ጠዋት የሚቆራረጥ ቫን መጀመሪያ እሳቱን ያስመርምሩ። የድሮ መካኒኮች ዘዴ ዛሬም ይሠራል፦ በጨለማ፣ ደጅ፣ ሞተሩ እየሠራ ገመዶቹ ላይ በመርጫ ስስ የውኃ ጉም ይነፉበት። የሚያፈተልከው እሳት ሰማያዊ ሆኖ ሲዘል በዓይንዎ ያዩታል። እጅዎን ግን ያርቁ።

የሞተውን ሲሊንደር ለማግኘት የካንዴላ ገመድ መንቀል የቀድሞ ልማድ ነው። ቦቢናው በቀጥታ ካንዴላው ላይ በሚቀመጥበት ቫን ግን ይህን አያድርጉ፤ ቦቢናውንም ኮምፒውተሩንም ሊጎዳ፣ እርስዎንም ሊመታ ይችላል። በምትኩ የኢንጀክተሩን ሶኬት አንድ በአንድ ይንቀሉ። ሲነቀል ሞተሩ ወዲያው ከደከመ ያ ሲሊንደር ሲሠራ ነበር። ሲነቀል ምንም ለውጥ ካላመጣ ሕመምተኛውን አገኙት። ቦቢናውን ከጎረቤቱ ጋር ያቀያይሩና ኮዱን እንደገና ያንብቡ፤ ሕመሙ አብሮ ከተዛወረ ጥፋቱ የቦቢናው ነው፤ እዚያው ከቀረ አይደለም። ለዚህ ሙከራ አንድ ሳንቲም አያወጡም።

ቦቢናው፣ ካንዴላውና ኢንጀክተሩ ደኅና ሆነው ሲሊንደሩ ካልነቃ ኮምፕሬሽን ይለኩ። በብዛት የሚሠራበት መመዘኛ ዝቅተኛው ሲሊንደር ከከፍተኛው ከ75 በመቶ በታች እንዳይወርድ ነው።

ጤናማ ሞተር ወረቀት ይገፋል እንጂ አይስብም። ቁራጭ ወረቀት ከጭስ ማውጫው ጫፍ አጠገብ ይያዙ፤ በእኩል ትንፋሽ ወደ ውጭ መገፋት አለበት። በየመሃሉ ወደ ውስጥ ከተሳበ አንድ ሲሊንደር እየሳተ ወይም አንድ ቫልቭ ተቃጥሎ አልዘጋ እያለ ነው።

የአየር በሩ ዳር ላይ የሚጋገረው ጥቁር ካርቦን ብቻውን ሚኒሞ ያስጠፋል። ለዚሁ በተሠራ መርጫና በለስላሳ ጨርቅ ይጸዳል። በሩ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ከሆነ ቁልፉ በርቶ ሳለ በጣትዎ አይግፉት። ካጸዱ ወይም ባትሪ ከነቀሉ በኋላ ደግሞ ሚኒሞው ለተወሰነ ጊዜ ሊዛባ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ የለመደውን ረስቶ እንደ አዲስ እየተማረ ነው። በዚህ ደንግጠው ሌላ ዕቃ የገዙ ሰዎች አውቃለሁ።

የተቃጠለውን ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ኢጂአር ቫልቭ ሚኒሞ ላይ መዘጋት አለበት። በካርቦን ተይዞ ክፍት ከቀረ ሞተሩ የራሱን ጭስ እየተነፈሰ ይታፈናል፤ ይጠፋልም።

ያውቁ ኖሯል? አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከተማዋ ከ2300 ሜትር በላይ ናትና። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካርቡራተሩ የተስተካከለ መኪና አዲስ አበባ ሲደርስ ነዳጅ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያወጣል። የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚያነበው የቫኪዩም መለኪያም እንዲሁ ነው፦ እዚህ ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያነባል፤ በየ1000 ጫማ ከፍታው አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ ያው ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከ10 እስከ 13 ቢያነብ አይገርምም። አገር ቤት የተማሩ አንድ ሰው እዚህ 12 ኢንች አይተው "ደኅና ነው" ቢሉ የእጃቸው ጥፋት አይደለም፤ የለመዱት አየር ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የመርፌውን አረጋግ ይዩ፦ ዝቅ ብሎ የረጋ መርፌ አየር መሳብን፣ በየመሃሉ ቁልቁል የሚወረወር መርፌ አንድ ሲሊንደርን ወይም ቫልቭን ያመለክታል።

የአዲስ አበባው ሚኒባስ፣ ቶዮታ ሃይኤስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስሙ በይፋ ተሽጦ አያውቅም፤ ዛሬ መንገድ ላይ የሚያዩት 25 ዓመት የሞላው መኪና ያለ አሜሪካ የደኅንነት መመዘኛ እንዲገባ በሚፈቅደው ሕግ ከጃፓን የመጣ ነው። በድሮዎቹ ሃይኤሶች ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ነው፤ ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ ሙቀቱን ያውቀዋል። ትልልቆቹ የአሜሪካ ቫኖችም ከዚህ አይርቁም፦ የሞተሩ ግማሽ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ከክዳን ሥር ነው። የኋላዎቹን ካንዴላዎች ለመድረስ ያንን ክዳን ከውስጥ መፍታት ይቀላል፤ በኮፈኑ በኩል መታገል እጅ ያስልጣል።

ናፍታ ሞተር ካንዴላ የለውም። ስለዚህ ናፍታ ቫን ሚኒሞ ላይ ሲንገጫገጭ የሚጠረጠሩት ነዳጁን የሚረጩት አፍንጫዎች፣ ፖምፓውና ወደ ነዳጅ መስመሩ የገባ አየር ናቸው። ጠዋት ብቻ ነጭ ጭስ እያወጣ ተቆራርጦ ሲሞቅ የሚስተካከል ከሆነ ማሞቂያዎቹን ያስለኩ።

ዋሽንግተን ስቴት ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያካሂደው የነበረውን የመኪና ጭስ ምርመራ ጥር 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ዛሬ ቼክ ኢንጅን በርቶ ሳለም ሰሌዳ ይታደሳል፤ የሚያስገድድዎ የለም። ለቫኑ ጤና የቀረው ጠባቂ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ይህ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም የሚቆራረጥ ሞተር ጭስ የልጆች ነው፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ተሰልፈን ስንጠብቅ የሚተነፍሱት እነሱ ናቸው።

ሞተር ቆሞ ሲሠራ እንደ መጠኑ በሰዓት ከሩብ እስከ ግማሽ ጋሎን ነዳጅ ይጠጣል። ከ10 ሰከንድ በላይ የሚቆሙ ከሆነ አጥፍቶ ማስነሳት ይረክሳል። ደግሞም በዋሽንግተን ሕግ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ቁልፉን ሳያወጡ መኪናን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ክልክል ነው፤ ጠዋት ቫኑን አስነስተው ቡና ሊጠጡ ወደ ቤት የሚመለሱ ይህን ልብ ይበሉ።

የሞተሩን ምርመራ ጋራዥ ውስጥ በሩን ዘግተው በፍጹም አያድርጉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ የሚቆራረጥ ሞተርም ከጤነኛው የበለጠ ሊያወጣው ይችላል። ታኅሣሥ 2006 እ.ኤ.አ. በሲያትል ዙሪያ ማዕበል መብራት ባጠፋ ጊዜ፣ ከሰል ቤት ውስጥ አንድደው በዚሁ ጋዝ ከተመረዙት ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ። በሩ ተከፍቶም ቢሆን ቫኑን ወደ ደጅ ያውጡት።

የመጨረሻዋ ለኪስዎ ናት። ያውቁ ኖሯል? በዋሽንግተን ሕግ ጋራዥ ፊት ለፊት ቀርበው የሚያሠሩት ጥገና ከ100 ዶላር የሚበልጥ ከሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ግምት ይሰጥዎታል። ያለ ፈቃድዎ፣ ታክሱን ሳይጨምር፣ ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ሊያስከፍልዎ አይችልም። ሥራውን ሲፈቅዱ "የተፈታውን ዕቃ እፈልጋለሁ" ካሉም፣ ለአምራቹ መመለስ ካለበት ዕቃ በቀር፣ አሮጌው ይሰጥዎታል። እኔ ቦቢናዎቼን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ቱቦውን ግን ሽማግሌው እዚያው ጨርቅ ላይ አስቀመጡልኝ፤ አሁን በቫኑ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ስንጥቁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ አጥፌ አሳየዋለሁ።